ጅብን የቀለበች አህያ

አንድ ጊዜ ጅብ ሆዱን አመመው። ይህ ለሚሰማው ቀላል ወሬ ይመስላል። እናንተንም እኔንም ያመናል፤ ፌጦ በሎሚ በጥብጠን እንጠጣና ጋደም እንላለን። ጅብ ግን ከሆዱ ሌላ ንብረት የለውም። እግሩ የተሰጠው ሆዱን ወደ ምግብ እንዲያደርስለት ነው፤ አፉ የሆዱ በር ነው፤ ጭንቅላቱም ቢሆን አንገቱ ባዶውን እንዳይቀር ተብሎ የተጨመረለት ይመስለኛል። ስለዚህ ሆዱ ሲታመም ጅብ ከእግር እስከ ራሱ ታመመ።

ምክንያቱን ለማወቅ መመራመር አያስፈልግም ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ደረቅ የበሬ ቁርበት፣ መንገድ ላይ የተጣለ ጫማ፣ በመጨረሻም አንድ ያረጀ የበቅሎ ኮርቻ ከነእርካቡ ውጦ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ያኘከው አንድም የለም። ማኘክ ለጅብ ጊዜ ማባከን ነው።

በዋሻው ደጃፍ ተጋድሞ ሲያቃስት ቀበሮ በዚያ አለፈ። ቀበሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሐኪም አልነበረም። ዋሻውን አጮልቆ ሲያይ ግን በስተውስጥ የዶሮ ቆጥ ታየው። ጅብ ለበዓል ብሎ ከየመንደሩ ያፈሳቸው ዶሮዎች ተደርድረውበታል። ከቆጡ አጠገብ የስንዴ፣ የገብስ፣ የባቄላ፣ የምስርና የተልባ ጆንያ ተከምሯል። ይህ ደግሞ ጅብ የነጋዴ አህዮች ላይ ዘልሎ፣ አህዮቹ ጭነታቸውን አራግፈው ሲያመልጡት እየጎተተ ያስገባው ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል፤ ጅብ አህያው አምልጦት ዳውላውን ነው።

ቀበሮ ዶሮዎቹን ባየበት ቅጽበት ሐኪም ሆነ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለ፤ ጆሮውንም በጅብ ሆድ ላይ ለጠፈ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። «ወይኔ! ወይኔ! ትልቅ ስህተት ስትሠራ ኖረሃል። አንተ ምግብን እንዳለ ነው የምትበላው!»

«ታዲያ እንዴት ልብላው ሐኪም?»

«ማንኛውም ምግብ ጎጂና ጠቃሚ አለው። የሠለጠነ በላተኛ ጎጂውን ጥሎ ጠቃሚውን ይበላል። ይህን ያልተማረ እንዳንተ ያቃስታል።»

ጅብ አፈረ። እሱ እስከዚያ ቀን ምግብ ጠላት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሮ አያውቅም። «እሺ፣ ከዶሮ ጠቃሚው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሮ ወደ ቆጡ አየና ምራቁን ዋጠ። «ላባው» አለ።

«ሥጋውስ?»

«ኧረ አታንሣብኝ! እሱን እኔ በየቀኑ እየወሰድኩ እቀብርልሃለሁ። ሐኪም ስንባል ለሕዝብ የተሠዋን ነን።»

«እንቁላልስ?»

«ቅርፊቱ። ውስጡ ዝልግልግ ነው፤ ዝልግልግ ነገር ደግሞ ሆድ ውስጥ ያንሸራትታል።»

«ባቄላስ? ስንዴስ?»

እዚህ ላይ ቀበሮ ትንሽ አሰበ። እህል አይበላም፤ ቢሆንም ጅብ ሥራ ፈትቶ ዶሮ ሲቆጥር እንዲውል አልፈለገም። «ባቄላውን ትልጣለህ፤ ልጣጩ መርዝ ነው። ስንዴውን ትፈጫለህ፣ ትነፋለህ፤ የነፋኸውን ደግሞ ትነፋለህ። ፉርሽካውን ከዋሻ አርቀህ ድፋው። እንደ ጥጥ ነጭ እስኪሆን ንፋ፣ አያ ጅቦ! ነጭ ማለት ንጹሕ ማለት ነው። ከጎመን ግንዱን እንጂ ቅጠሉን እንዳታየው። ተልባ የሚባለውን ነገር ደግሞ በዓይንህም አትንካው።»

ጅብ ቡራኬ እንደተቀበለ ሰው እጅ ነሣ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሲፈጭ ይውላል፣ ሲነፋ ይውላል፣ ሲልጥ ይውላል። ሲመሽ ነጩን ዱቄት በውሃ ለውሶ፣ ላባ ነስንሶበት፣ ቅርፊት ፈርፍሮበት ይውጣል። ቀበሮም በየጠዋቱ መጥቶ «ጎጂውን» በአፉ አንጠልጥሎ ወደ ቀብር ይሄዳል። የቀብሩ ቦታ የት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ነጩ ሊጥ ጅብ ሆድ ውስጥ እንደ ግድግዳ ምርጊት ተለሰነ። የገባው አልወጣ አለ። የቀረውን ለአንባቢ ክብር ስል እተወዋለሁ። የጎኑ አጥንት ተቆጠረ፤ ከትከት ብሎ ሲስቅ አገር ያስበረግግ የነበረው ጅብ አሁን ሊስቅ ሲል ከአፉ ላባ ይበናል። ጥንቸሎች እንኳ ቆመው ያዩት ጀመር። ሐኪሙ ግን ወፈረ። ስለ ውፍረቱ ሲጠየቅ «ድካም ነው፤ አብጬ ነው» ይላል።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ አንዲት አህያ ተባረረች። ስሟ አህይት ነው፤ ሌላ ስም ያወጣላት አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ እህል ተሸክማ ከማሳ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ወፍጮ ስትመላለስ ኖረች። ጀርባዋ ሲቆስልና ጉልበቷ ሲከዳት ባለቤቷ ጭነቷን አወረደላትና ወንዝ አሻግሮ ትቷት ተመለሰ። በዚያ አገር ያረጀች አህያ የምትሰናበተው እንደዚህ ነው፤ ምርቃት የለ፣ ሽኝት የለ። የቀረውን ጅብ ይጨርሰው ብለው ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አህይት ሞቷን ፍለጋ ስትሄድ አንድ ትልቅ የፉርሽካ ቁልል አገኘች። የባቄላ ልጣጩም፣ የጎመን ቅጠሉም አብሮ ተደፍቷል። አሸተተችው። የተሸከመችውን እህል ቀምሳ የማታውቅ አህያ የሰው ሁሉ ሲሳይ በአንድ ቦታ ተከምሮ ጠበቃት። አለቀሰች፤ ከዚያም በላች። ቀን በቀን ስትበላ ቁስሏ ደረቀ፣ ጠጉሯ አብረቀረቀ፣ ዳሌዋ ሞላ። ይህን ያህል ፉርሽካ የሚደፋ ቸር ሰው ማን ይሆን እያለች ትመርቀው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቸሩ ሰው ፉርሽካ ሊደፋ መጣ።

ጅብ አህይትን ሲያያት ወንፊቱ ከእጁ ወደቀ። በራሱ ሰፈር፣ በራሱ ቁልል ላይ፣ የሰባች አህያ! አጓርቶ ዘለለ። ግን ጉልበቱ መንገድ ላይ አለቀና ፉርሽካው ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ። ተነሥቶ ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ተተከለ። አህይት ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለማወቅ ቆማ ስታይ፣ ጅብ እየዳኸ መጥቶ ጅራቷን ነከሰ።

የጅብ መንጋጋ እንደሌላው አካሉ አይደክምም። ነከሰ ማለት ነከሰ ነው። አህይት ደንግጣ ሮጠች፤ እሱ ጅራቷ ላይ ተንጠልጥሎ አብሯት ቁልሉን ዞረ። እሷ ስትቆም ይቆማል፤ እሷ ስትሮጥ ይጎተታል። በመጨረሻ ሁለቱም ደክሟቸው ቆሙ። ከዚህ በታች ያለው ንግግር በተነከሰ ጅራት መካከል የተነገረ ስለሆነ የጅብን ድርሻ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።

«ጌታዬ፣ እስከ መቼ እንደዚህ ሆነን እንኖራለን?» አለች አህይት።

«እስክበላሽ!»

«ይብሉኝ እንጂ፤ ማን ከለከልዎት?»

ጅብ አሰበ። «ብለቅሽ ትሮጫለሽ።»

«እሮጣለሁ።»

«ካለቀቅኩሽስ?»

«አይበሉኝም። በአፍዎ ጅራት ይዘው ሌላውን በምን ይበሉታል?»

ይህ ለጅብ ከባድ ሒሳብ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አህይትም ዞር ብላ አየችው፤ አጥንቱን፣ የተለጠፈ ሆዱን፣ አፍንጫው ላይ የተጣበቀውን ላባ። «ለመሆኑ ምን ይበላሉ?» አለችው።

እሱም ሁሉንም ነገራት። ላባውን፣ ቅርፊቱን፣ ነጩን ሊጥ። ሐኪም ያዘዘለት መሆኑንም በኩራት ጨመረ።

«እኔ የበላሁት እርስዎ የጣሉትን ነው» አለች አህይት። «እርስዎ ደግሞ የሚበሉት እኔ እንኳ የማልነካውን ነው። ከሁለታችን ማን ያማረበት ይመስልዎታል?»

ጅብ የአህይትን ዳሌ አየ፤ የራሱንም አየ። «አንቺን» አለ፤ ሲናገርም ተመኝቷት ምራቁ ጅራቷን አራሰው።

አህይት ጅራቷን ነጻ የምታወጣበት አንድ መላ ብቻ ታያት። «ይልቀቁኝና ጉልበት እስኪያገኙ ድረስ እኔ ላብስልልዎት» አለች።

«ጉልበት ካገኘሁ በኋላስ?»

ብልጥ ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ትዋሽ ነበር። እሷ ግን አህያ ናት፤ የተጫነባትን ነው የምትሸከመው። «ጉልበት ካገኙማ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

«እበላሻለኋ!» አለ ጅብ በደስታ። ተስማሙ። የጆንያ ማሰሪያ ቃጫ ፈትሎ አንገቷን አሰራትና ወደ ዋሻው አስገባት።

አህይት ዋሻው ውስጥ እንደገባች የመጀመሪያ ሥራዋ ወንፊቱን በእርግጫ መስበር ነበር። ከዚያ ድስት ጣደች። እሳቱን ማን እንዳቀጣጠለው አትጠይቁኝ፤ ተረት ውስጥ እሳት አያስቸግርም። ስንዴና ባቄላውን ከነገለፈቱ ንፍሮ ቀቀለች። ገብሱን ሳይነፋ አስፈጭታ ማማሰያውን በጥርሷ ይዛ ገንፎ አገነፋች። ጅብን ልካ ጎመን አስመጣችና ከነቅጠሉ፣ ከነግንዱ ከተተችው። ምስሩንም ሳትከካው ቀቀለችው።

ጅብ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በጥርጣሬ አየ። «ጎጂው የት ሄደ?»

«ውስጡ አለ።»

«ጠቃሚውስ?»

«እሱም ውስጡ አለ።»

«ታዲያ በምን ልለያቸው?»

«አይለዩዋቸው። ያኝኩ።»

«ምን ላድርግ?»

«ያኝኩ! ሳይውጡ በፊት በጥርስዎ ያድቅቁት።»

ጅብ እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጥርስ ለመያዝ እንጂ ምግብን ሁለት ጊዜ ለመንከስ እንደሚሆን ማን ነገረው? አንዲት ባቄላ አኘከና «ሞተች?» ብሎ ጠየቀ። «ገና ናት» አለችው። ደግሞ አኘካት። እየቆየ ግን አንድ አዲስ ነገር ደረሰበት፤ ምግብ ጣዕም አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ምግብ ለእሱ ክብደት ብቻ ነበረው። ደነገጠ፤ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከዚያም እያኘከ አለቀሰ።

በማግስቱ ማለዳ ከዋሻው ጀርባ ትልቅ የደስታ ጩኸት ተሰማ። ጎረቤት ሁሉ ምን ተወለደ ብሎ ወጣ። እርካቡ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ጅብ በየቀኑ ነቃ፣ በየቀኑ ጠና። ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ንፍሮና ጎመን፣ ማታ ምስር በቂጣ። እንቁላሉንም ቅርፊቱን ጥሎ አስኳሉን መብላት ጀመረ። ጠጉሩ ተመለሰ፤ ሳቁ ተመለሰ። ከምሳ በኋላም አንድ ልማድ አመጣ፤ ወደ አህይት ጠጋ ብሎ ጭኗን በመዳፉ ዳበስ ያደርግና «እየዳንኩ ነው፤ አይዞሽ፣ ብዙ አትጠብቂም» ይላታል። ለሷ ማዘኑ ነው።

እኔ እዚህ ላይ አህይት ታሳዝነኛለች። ድስት በጣደች ቁጥር የራሷን ተዝካር እያበሰለች መሆኑ ገብቷታል። ክፉ ብታበስልለት ተናዶ ወዲያው ይበላታል፤ መልካም ብታበስልለት ድኖ ይበላታል። አንድ ቀን ንፍሮውን ሆን ብላ ልታሳርረው ቆረጠች። ፊቷን አዙራ ቆመች። ሽታው መለወጥ ሲጀምር ግን እግሯ ሳያስፈቅዳት ሄዶ እሳቱን በተነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን እህል እንዲቃጠል መተው አልሆነላትም። «የማልረባ ነኝ» ብላ ራሷን ሰደበችና ንፍሮውን አወጣች።

ከውፍረቱ የተነሣ ከጉድጓዱ መውጣት ተስኖት የሰነበተው ቀበሮ ጎጂ ሊቀብር ሲመጣ ቆጡ አጠገብ የቆመው ጅብ ሌላ ጅብ ሆኖ ቆየው። ደረቱ ሰፍቷል፤ ዓይኑ ጠርቷል። «ሐኪም፣ ዶሮ ከእንግዲህ አይቀበርም» አለው። «እንቁላል ይጣሉ ብያለሁ። ድኛለሁ።»

ቀበሮ ይህን ያስተማረው ማን ነው ብሎ ዋሻውን ቃኘ። ዞር ሲል አህይትን ከነማማሰያዋ አያት። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባው። ፊቱን አስተካክሎ፣ «እልል በል አያ ጅቦ! መድኃኒቴ ሠራ!» አለ። «እንግዲህ የዳነ ምን ያደርጋል? ጾሙን ይፈታል! ይህን ሁሉ ጊዜ ጎመን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ባቄላ! መነኩሴ ነህ እንዴ?»

ጅብ ይህን ሲሰማ ከራሱ ጠጉር እስከ ጅራቱ ነዘረው። «ፍስክ!» አለ በሹክሹክታ።

«ፍስክ! ለማሟሻ ጮማና ቅቤ እኔ አመጣለሁ። ከዚያ አህያይቱን ትጥላታለህ። ልብና ጉበቷን ብቻ ለምርመራ እወስዳለሁ።» ቀበሮ አህያ መጣል አይችልም፤ የጅብ መንጋጋ ያስፈልገዋል። ጅብ ከበላ በኋላ ደግሞ እንደ ድሮው ታሞ በእጁ እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ቆጡም የሱ ነው።

የፍስኩ ቀን ደረሰ። ቀበሮ ከአንድ የሠርግ ቤት የሰረቀውን ጮማና አንድ ሙሉ ቅል ቅቤ እያንከባለለ መጣ። ጅብ ታጥቦ፣ ጥርሱን በድንጋይ ፍቆ ቁጭ ብሏል። አህይትን ሲያይ አንድ ነገር ቸገረው፤ ምግብን በሚመለከት ከሷ በስተቀር የሚያማክረው የለም።

«አንቺን በምን ብሠራሽ ትጣፍጫለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

አህይት ወደ በሩ አየች፤ ቃጫው ግን አንገቷ ላይ ነው። የተጠየቀችውን ግን ማሳሳት አልቻለችም። «አርጅቻለሁና ጥሬዬን አልሆንም፤ ለረጅም ጊዜ ልቀቀል» አለች። «ገብስ ይግባብኝ፣ ጎመንም ይብዛ። ብቻዬን አልስማማዎትም፤ እከብድዎታለሁ። በአንድ ቀንም አይጨርሱኝ።» ከዚያም ቀጠለች፦ «ደግሞ ጌታዬ፣ ከሁሉ በፊት ተልባ ይጠጡ። ረጅም ጾም የቆየ ሆድ ጮማ ሲወርድበት ይደነግጣል። ሰዎች እንኳ የፋሲካ ዕለት መጀመሪያ ተልባ በጥብጠው ሆዳቸውን ያለሰልሳሉ።»

«ተልባ! በፍስክ ቀን ተልባ!» ብሎ ቀበሮ ጮኸ። «ሞቷን ልታዘገይ ነው፤ አትስማት!»

«ይህን ሁሉ ቀን የጠበቅሁት ለተልባ ነው?» አለ ጅብ። ቅሉን በሁለት እጁ አንሥቶ ቅቤውን ገለበጠው። ጮማውንም ሳያኝክ፣ አጥንቱን ከነመቅኑ፣ የተጠቀለለበትን ቆዳ ሳይፈታ ላከው። አፉን ጠርጎ ወደ አህይት አንድ እርምጃ ተራመደ። ሁለተኛውን እርምጃ ሆዱ ከለከለው።

መጀመሪያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ነጎድጓድ ነው ብለው ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጅብ እንደተቆረጠ ግንድ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፤ አራት እግሩ ወደ ላይ ሆነ።

«ተነሥ! ቶሎ ብለህ ግደላትና ከዚያ ትታመማለህ!» ይላል ቀበሮ ጆሮውን እየጎተተ። ጅብ አልተንቀሳቀሰም። ቀበሮ የጅብን ራስ በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ መንጋጋውን ከፍቶ፣ እንደ መቀስ ወደ አህይት እግር አስጠጋው። አህይት እግሯን አንሥታ ወዲያ አደረገችው። ደግሞ አስጠጋ፤ ደግሞ አነሣች። በዚህ ሁኔታ ዋሻውን ዞሩት። መጨረሻ ላይ ቀበሮ የጅብን ራስ ወርውሮ «እንግዲያው ዶሮው ይበቃኛል!» አለና ወደ ቆጡ ሮጠ።

አህይት ያን ጊዜ ገመዱን አስታወሰች። የሚጠብቃት የለም። ቃጫውን አኘከችው፤ ማኘክ ከሷ ወዲያ ማን ያውቃል? ተበጠሰ። ወደ ዋሻው በር ሄዳ ቆመች። ከፊቷ ሜዳው ተዘርግቷል። ሜዳው ላይ የሚጠብቃት ባለቤት የለም፣ በረት የለም፤ ሌላ ጅብ ግን ሞልቷል። ከኋላዋ ደግሞ «ተልባ… ኧረ ተልባ…» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ዞር አለች። ከዚያን ዕለት በፊት በአንተ ጠርታው አታውቅም።

«ስማኝ» አለችው። «ተልባውን በጥብጬ እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። ዛሬ ብትበላኝ ነገ ምን ትበላለህ?»

«ከአንቺ የተረፈውን» አለ ጅብ እያቃሰተ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«አጥንትሽን።»

«ከዚያስ?»

ጅብም አባቱም አያቱም እስከ «ከዚያስ» ድረስ አስበው አያውቁም። ከሆዱ ሕመም ይልቅ ሐሳቡ አሠቃየው። «ከዚያማ… ሆዴን ያመኛል» አለ በመጨረሻ።

«ያን ጊዜ ማን ያበስልልሃል?»

ጅብ ዓይኑን ወደ ቀበሮ አዞረ። ቀበሮ አንዲት የሰባች ዶሮ በአፉ ይዞ፣ ሌላዋን በብብቱ ወሽቆ ወደ በሩ እየሮጠ ነበር። ጅብ ሲያየው እንደ ደግ ሐኪም ቆም አለና ዶሮዋን ሳይለቅ፣ «አይዞህ አያ ጅቦ፣ ላባውን ትቼልሃለሁ!» አለው።

መውጫው ላይ አህይት ቆማለች። እርግጫዋን የምትቆጥበው ለወንፊት ብቻ አልነበረም። ቀበሮ በአየር ላይ እየተሽከረከረ የፉርሽካውን ቁልል ተሻግሮ ወደቀ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተመለሱ። ቀበሮ አሁንም በሌላ አገር ሐኪም ነው ይባላል።

ዋሻው ጸጥ ሲል ጅብ ራሱን በብዙ ችግር ቀና አደረገ። «እትዬ አህይት» አለ። እሱም አንቱታ ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ተልባውን ይስጡኝ። አልበላዎትም።»

«ለዘላለም?»

ጅብ መዋሸት አማረው፤ ሆዱ ግን አላስዋሸውም። «ለዘላለም ረጅም ነው። ለዛሬ» አለ።

ሌላ ቢሆን በዚህ መልስ ተቀይሞ ይሄድ ነበር። አህይት ግን አየችው፤ ከዚህ በላይ ቃል መስጠት የሚችል ጅብ እንዳልተፈጠረ ገባት። «ይሁን» አለች። «ነገሩን በየቀኑ እንነጋገርበታለን፤ የምንነጋገረው ግን ምሳ ከበላህ በኋላ ነው።»

ተልባውን ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በጥብጣ አጠጣችው። ሲነጋ ዳነ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። በየቀኑ ንፍሮው ይቀርባል፤ ጅብ በዝግታ ያኝካል፤ ይጠግባል። ያን ጊዜ አህይት ማማሰያዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ትቆምና «እህ፣ ዛሬስ ልትበላኝ ነው?» ትለዋለች። ጅብ በባቄላና በጎመን የተሞላ ሆዱን እያሻሸ ያስባል። «ዛሬ እንኳ ይቆየኝ፣ እትዬ» ይላል። ጅብ ብልህ ሆነ አልልም፤ ጅብ ነው። ብልህ የሆነው ሆዱ ነው።

እህሉ ሲያልቅ ከአጨዳ በኋላ ወደ ማሳ ወርደው ቃርሚያ ይለቅማሉ። ጆንያውን የሚሸከመው ጅብ ነው፤ አህይት ጀርባዋን አሳርፋ ትከተላለች። መንገደኞች ይህን ሲያዩ ዓይናቸውን ያሻሉ፤ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ሰውዬም አይቶ ለሦስት ቀን ቃል አልወጣውም አሉ። «ፍጠን እንጂ!» ትለዋለች አህይት ፀሐይዋን እያየች። ምሳ የዘገየ ዕለት ግን ትንሽ ራቅ ብላ ነው የምትሄደው።

ከዚህ የምንማረው ጤና በአንድ ቀን ፍስክ ወይም ጎጂና ጠቃሚ እያለ በሚለይልን ብልጣብልጥ ምክር የሚገኝ ሳይሆን፣ እህሉን ከነገለፈቱ ጥደን፣ አኝከን፣ በልክ በልተን፣ ነገም እንደገና ድስት የሚጥድልንን ሰው ሳንበላው በማደር የሚጠበቅ መሆኑን ነው።